ስለ አሮጌ የታንኳ ሞተር አጠባበቅ

ውሃ የብስን ከየብስ የሚለይ ቢሆንም፥ ሰው በብልሃቱ መንገድ አድርጎታል። ከጥንት ጀምሮ በመቅዘፊያና በሸራ ሲሄድበት ኖሮ በኋለኛው ዘመን ደግሞ ሞተር አገኘ። ከሞተሮቹም መካከል በታንኳው ሆድ ውስጥ የሚተከል አለ፤ ከታንኳው ጀርባ በብሎን ታስሮ፥ ሥራው ሲያልቅ ተፈትቶ በትከሻ ወደ ቤት የሚገባም አለ። የዚህ ጽሑፍ ነገር ስለ ሁለተኛው ዓይነት፥ ይልቁንም ዕድሜው ሃምሳና ሰባ ዓመት ስላለፈው ነው።

እንዲህ ያለው ሞተር በየአገሩ፥ በሐይቅና በወንዝ ዳር ባለ ዕቃ ቤት ማዕዘን አቧራ ለብሶ ይገኛል። ባለቤቱ ወይም ዕቃ ጠባቂው ገመዱን ሦስት አራት ጊዜ ስቦ ዝም ሲለው «ሞቷል» ብሎ ይፈርድበታል፤ በመዝገብም ላይ «የማይሠራ» ተብሎ ይጻፍና በብረት ዋጋ ይሸጣል። ፍርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ነው። ዝም ያለው ሞተር ብዙ ጊዜ የታመመው በአንዲት ትንሽ ዕቃ ምክንያት ነው፤ ደኅና እየጮኸ የሚሠራው ደግሞ ማንም ሳያውቅለት ውስጡ እየተበላ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የሚያስቆመውን ጉድለት ከሚገድለው ጉድለት ለይቶ ማወቅ የጥበቃው ሁሉ መጀመሪያ ነው።

ስለ ትውልዱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። ከታንኳ ጀርባ የሚታሰር ሞተር ያሰበው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ካሜሮን ዋተርማን የተባለ ሰው በ1905 ሞክሮት በ1907 የፈጠራ መብት ተቀብሎበታል። ስሙ ከሁሉ በላይ የገነነው ግን ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። በ1877 በኖርዌይ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ አሜሪካ የተሻገረ፥ በዊስኮንሲን ግዛት በሚልዋኪ ከተማ በሞተር ሥራ የሚተዳደር ባለ እጅ ነበረ። እንደሚተረከው በ1906 በጋ ከእጮኛው ከቤስ ኬሪ ጋራ በአንድ ሐይቅ ዳር ሳለ፥ እርስዋ አይስክሬም ስለ ፈለገች ሐይቁን በመቅዘፊያ ተሻግሮ ሊያመጣ ሄደ፤ ሲመለስ ፀሐዩ ስለ በረታ ያመጣው ሁሉ ቀልጦ ነበር። ከዚያ ድካም የተነሣ ታንኳን በሞተር የመግፋት አሳብ አደረበት ይባላል። ታሪኩ በአፈ ታሪክ ተሸልሞ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ግን እውነተኛ ነው። በ1909 ለገበያ የወጣው ባለ አንድ ሲሊንደር ሲሆን ጕልበቱ አንድ ተኩል የፈረስ ጕልበት፥ ክብደቱም 28 ኪሎ ያህል ነበረ። ሚስቱ ቤስ የድርጅቱን ደብዳቤና ማስታወቂያ ትመራ ስለ ነበር፥ ለሞተሩ መታወቅ የእርስዋ ብዕር ከእርሱ መዶሻ አላነሰም።

ባልና ሚስቱ በ1914 በቤስ ሕመም ምክንያት ድርጅቱን ሸጡት፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ግን ኦሌ ባለ ሁለት ሲሊንደርና ከአሉሚኒየም የተሠራ ቀለል ያለ ሞተር ይዞ ተመለሰ። በዚያው ወራት በኢንዲያና ግዛት ጆንሰን የተባሉ ወንድማማቾች ከርሱ ይልቅ የቀለለ፥ 16 ኪሎ ያህል የሚመዝን ሞተር አወጡ። በእንግሊዝ ደግሞ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲጋል የተባለው ሞተር ተነሣ። ሲጋል መልኩ ሸካራ፥ ድምፁም የሚያደነቍር ነው፤ ይሁን እንጂ ያለ ብዙ ጥበቃ ስለሚሠራ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ለጀልባዎቹ ተጠቅሞበታል። ጆንሰን በ1949 ያወጣው ባለ 10 የፈረስ ጕልበት ሞተር ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያስኬድ ማርሽና በታንኳው ወለል ላይ የሚቀመጥ የቤንዚን ዕቃ ነበረው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ የእርሱን ፈለግ ተከትለዋል።

እነዚህን ሞተሮች የሠሩት ድርጅቶች ዛሬ አልፈዋል። የኤቪንሩድንና የጆንሰንን ሥራ አጣምሮ የያዘው ኩባንያ በታኅሣሥ ወር 2000 ከሰረ፤ የኤቪንሩድ ስምም በሌላ ባለቤት እጅ ሃያ ዓመት ቆይቶ በ2020 ሞተር መሥራቱ ቀረ። ሲጋልም በ1990ዎቹ ቆሟል። ስለዚህ አሮጌ ሞተር የያዘ ሰው የሚታመነው በፋብሪካው ሳይሆን በእጁና በሌሎች ዕውቀት ነው። ይህም ቢሆን የሚያስተዛዝን አይደለም። በአሜሪካ አሮጌ የታንኳ ሞተር የሚሰበስቡ ሰዎች በ1965 ማኅበር አቁመው የጥገናውን መጻሕፍት እየጠበቁ ይኖራሉ፤ ለተለመዱት ዓይነቶችም ኮይሉ፥ ጎማውና ጓርኒሲዮኑ እስከ ዛሬ አዲስ ሆኖ ይገኛል።

የእነዚህ ሞተሮች ዕድሜ የረዘመበት ምክንያት ሥራቸው ቀላል ስለ ሆነ ነው። አብዛኞቹ በሁለት ምት የሚሠሩ ናቸው። የመኪና ሞተር ያለው ዓይነት የቫልቭ ሥርዐት የላቸውም፤ ባትሪ አይሹም፤ ለብቻው የሚቀመጥ የሞተር ዘይትም የላቸውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋራ ተደባልቆ ይገባና በሚያልፍበት መንገድ ኩሽኔታውንና ፒስተኑን አለስልሶ ይቃጠላል። እሳቱን የሚወልደው በቮላኖው፥ ማለት ከላይ በሚሽከረከረው ከባድ ጎማ፥ ውስጥ የተተከለው ማግኔት ነው። እንግዲህ ሞተሩ ይነሣ ዘንድ የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው፤ ትንፋሽ፥ እሳትና ምግብ። ተነሥቶም በሕይወት ይኖር ዘንድ አራተኛ ውሃ ያስፈልገዋል። ምርመራውም በዚሁ ተራ መሄድ አለበት። ፊደል ሳይለይ ዳዊት የሚደግም ተማሪ እንደሌለ ሁሉ፥ ትንፋሹን ሳያይ ካርቡራተሩን የሚፈታ ባለ እጅም ድካሙ ከንቱ ነው።

ብዙ ዓመት የተቀመጠ ሞተር ሲገኝ የሰው እጅ መጀመሪያ የሚቸኩለው ገመዱን ለመሳብ ነው። ይህ ስሕተት ነው። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የነበረው ዘይት ደርቋል፤ ምናልባትም ዝገት ይዞታል፤ በድንገት ሲሳብ ዝገቱ ፒስተኑንና ቀለበቶቹን ይፍቃቸዋል። የሚገባው ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ጥቂት ቀጭን ዘይት ማፍሰስ፥ አንድ ሌሊት ማሳደር፥ ከዚያም ቮላኖውን በእጅ ቀስ እያደረጉ ማዞር ነው። እምቢ ካለ መዶሻ አይቅረብበት፤ ዘይቱን እየጨመሩ ቀናት መታገሥ ይሻላል። ሲላቀቅም አውራ ጣትን በካንዴላው ቀዳዳ ላይ ይዞ ቮላኖውን ማዞር ነው፤ አየሩ ጣቱን በኃይል ገፍቶ ካስነሣው ትንፋሽ አለው ማለት ነው። ሁለት ሲሊንደር ያለው እንደ ሆነ የሁለቱ ትንፋሽ መተካከል አለበት። አንዱ ደካማ ቢሆን ብዙ ጊዜ የፒስተኑ ቀለበት በጥላሸት ተጣብቆ ወይም የላይኛው ጓርኒሲዮን ተቀድዶ ይገኛል፤ ሁለቱም የሚድኑ ሕመሞች ናቸው። ትንፋሽ ፈጽሞ የሌለው፥ ሲሊንደሩም የተቧጨረ ሞተር ግን ብዙ ገንዘብ ሳይወጣበት ሌሎቹን ለመጠገን የሚሆን የዕቃ ምንጭ ቢደረግ ይሻላል። ይህ ብቻ ነው «የማይሠራ» የሚለው ቃል የሚገባው።

ከትንፋሽ ቀጥሎ እሳቱ ይመረመራል። አዲስ ካንዴላ በሽቦው ላይ ሰክቶ፥ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ አካል አስነክቶ ቮላኖውን በፍጥነት ሲያዞሩ፥ ሰማያዊ ብልጭታ ሊታይ ይገባል። ደኅና የሆነ ማግኔትና ኮይል 6 ሚሊ ሜትር የሚያህል ክፍት ቦታ ዘልሎ የሚሄድ እሳት ይሰጣል። ይህን የሚያደርግ ሰው ከቤንዚን ዕቃ ርቆ፥ ካንዴላውንም ከሲሊንደሩ ቀዳዳ አርቆ ይያዝ፤ ከቀዳዳው የሚወጣው ተን በአንድ ብልጭታ እሳት ሆኖ ፊትን ይለበልባልና።

እሳት ከጠፋ ቮላኖው መነሣት አለበት። ቮላኖ በሾጣጣ ዘንግ ላይ ጠብቆ የተቀመጠ ስለ ሆነ በማውጫ መሣሪያ ይወጣል፤ ከሥር በካቻቢቴ መፈንቀል፥ ከላይም በመዶሻ መደብደብ ዘንጉን ያጣምማል፥ ማግኔቱንም ያደክማል። ከሥሩ ሁለት ነገር ይገኛል። አንዱ እየተነካኩ እየተለያዩ እሳቱን የሚያስነሡ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ናቸው። በተቀመጡበት ጊዜ ዝገት ስስ ልባስ ያለብሳቸዋል፤ ያን ጊዜ መብራቱ አያልፍባቸውም። በቀጭን ሞረድ አፅድቶ በንጹሕ ወረቀት መጥረግ፥ ክፍተታቸውንም 0.5 ሚሊ ሜትር አድርጎ ማስተካከል ነው፤ ይህ ልክ ለጆንሰንና ለኤቪንሩድም፥ በሲጋል ላይ ላለው ማግኔትም ያገለግላል። ሞቷል ከተባሉት ሞተሮች ብዙዎቹ የሚነሡት በዚህ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ሁለተኛው ኮይሉ ነው። በ1950ዎቹ የተሠሩት የጆንሰንና የኤቪንሩድ ኮይሎች ሽፋናቸው በዕድሜ ብዛት እየተሰነጠቀ እሳቱ በስንጥቁ ያመልጣል። የተሰነጠቀ ኮይል ዛሬ ቢሠራ ነገ ስለማይታመን፥ ቮላኖው አንድ ጊዜ ከተነሣ ዘንድ በአዲስ መለወጥ ብልህነት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለ እጅን የሚያሳስት አንድ ነገር አለና ዘርዘር አድርጎ መናገር ይገባል። ሞተሩ በማለዳ በመጀመሪያው ስበት ይነሣል፤ ታንኳው ከዳር ርቆ ከሄደ በኋላ ግን እየደከመ ሄዶ ይቆማል። ጥቂት ካረፈ በኋላ ደግሞ ይነሣል፤ ደግሞም ይቆማል። ይህ ምልክት አንድ ሲሆን ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው ኮይሉ ነው፤ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ይላቀቅና እሳቱ ይጠፋል፥ ሲቀዘቅዝ ይገናኝና ይመለሳል። ሁለተኛው የቤንዚኑ ዕቃ ክዳን ነው። በክዳኑ ላይ አየር የሚገባባት ትንሽ ብሎን አለች፤ እርስዋ ከተዘጋች ቤንዚኑ በወጣ መጠን በዕቃው ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ቀሪውን ቤንዚን ወደ ኋላ ይዞ ያስቀረዋል። ሞተሩ ሲያርፍ አየር በትንሽ በትንሹ ስለሚገባ እንደ ገና ይነሣል። ሁለቱን ለመለየት ሞተሩ በቆመበት ቅጽበት ክዳኑን መክፈት ነው። አየር እያፏጨ ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ ጥፋቱ የክዳኑ ነው፤ ምንም ካልተሰማ ትኩስ ሳለ ካንዴላውን ፈትቶ እሳቱን ማየት ያስፈልጋል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በወደብ የሚደረግ ምርመራ የኮይሉን ጥፋት አያገኘውም። ይህን ባለማወቅ ለክዳን ብሎን ሲባል ካርቡራተር የለወጡ፥ ሞተርም የሸጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ምግቡ ቤንዚን ነው። ቤንዚን እንደ ጠጅ በመቈየት አይጣፍጥም፤ ጥቂት ወራት ከቈየ ተኑ ይበርርና ቀሪው እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡራተሩን ቀጫጭን መንገዶች ይደፍናል። ስለዚህ አሮጌውን ቤንዚን በሞላው አፍስሶ ካርቡራተሩን ፈትቶ ማጠብ፥ ቀዳዳዎቹንም በአየር መንፋት ነው። በሽቦ መጐርጐር አይገባም፤ ቀዳዳው በጥቂት ከሰፋ ልኩ ይጠፋልና። በጥንቶቹ ካርቡራተሮች ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ተንሳፋፊ ከቡሽ የተሠራ ሆኖ በቫርኒሽ የተቀባ ነው። ዛሬ በብዙ አገር ቤንዚን ከአልኮል ጋራ ተደባልቆ ይሸጣል፤ በኢትዮጵያም የስኳር ፋብሪካ አልኮልን ከቤንዚን ጋራ መደባለቅ በ2008 በአዲስ አበባ ተጀምሮ ነበር። አልኮል የቀድሞውን ቫርኒሽ ያሟሟል፤ ቡሹም ቤንዚን ጠጥቶ ይሰምጣል፤ ካርቡራተሩም ሞልቶ ያፈስሳል። እንዲሁም የድሮውን ጎማ ቱቦ ያለሰልሰዋል፤ ከአየርም ውሃ እየሳበ በዕቃው ግርጌ ያጠራቅመዋል። አልኮል የሌለበት ቤንዚን ማግኘት ያልቻለ ሰው ቡሹን አልኮል በማይነካው ቀለም ይቀባው፥ ወይም በላስቲክ ተንሳፋፊ ይለውጠው፤ ቱቦውንም ሁሉ በአዲስ ይተካ። ቤንዚን በሞተሩ ውስጥ አሳድሮ አለመተውም ይረዳል።

በ1950ዎቹ የነበሩት ባለ ሁለት ቱቦ የቤንዚን ዕቃዎች ግን ለብቻቸው ማስጠንቀቂያ ይሻሉ። በእነዚህ ሞተሩ በአንዱ ቱቦ አየር ወደ ዕቃው ይልካል፤ በግፊቱም ቤንዚኑ በሁለተኛው ቱቦ ይመጣል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ አየሩ ያመልጥና ሞተሩ ይራባል። ከዚህም የከፋው ቱቦው ቢቀደድ ነው፤ ቤንዚኑ በግፊት እየተረጨ በታንኳው ወለል ላይ ይፈስሳል። አዲሱ ባለ አንድ ቱቦ ዕቃ ደግሞ ሞተሩ የቤንዚን ፓምፕ ካልተጨመረለት በስተቀር ሊተካው አይችልም።

የዘይቱ ልክ የሚያስቆም ሳይሆን የሚገድል ጉድለት ከሚመጣባቸው በሮች አንዱ ነው። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው ዘይት በጣሳው ላይ ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ይበቃል ብሎ ይናገራል። ይህ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለተሠሩት፥ በውስጣቸው ቀጫጭን ሮለር ላላቸው ሞተሮች እውነት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ዘንጋቸው በነሐስ ውስጥ የሚዞር ስለ ሆነ ከዚህ የበለጠ ዘይት ይሻሉ፤ እንደ ዘመናቸው ለ24 ወይም ለ16 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ተወስኖላቸዋል፤ የጥንቱ ሲጋልማ ለ10 እጅ 1 እጅ ነው የሚጠጣው። የዘይቱ ጥራት በዘመናት ተሻሽሏል፤ የነሐሱ ፍላጎት ግን አልተለወጠም። ዘይት ያነሰው ሞተር እንዲያውም ለጊዜው ጢሱ ቀንሶ፥ ቀለል ብሎት የሚሮጥ ይመስላል፤ ቈይቶም በድንገት ይነክሳል። ዘይት የበዛለት ሞተር ጢስ ያበዛል፥ ካንዴላ ያጠቍራል፤ ይህ ግን በጨርቅ የሚጠረግ ጉዳት ነው።

ሁለተኛው ገዳይ የውሃ ማጣት ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከታንኳው ሥር ውሃ ስቦ በሲሊንደሩ ዙሪያ በማዞር ነው። በብዙዎቹ ውሃውን የሚስበው በታችኛው እግር ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ክንፋም ጎማ ነው። ይህ ጎማ ከውሃ ውጭ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ቢሽከረከር ይቃጠላል፤ በመደርደሪያ ተቀምጦም ክንፎቹ እንደ ተጣጠፉ ይደርቃሉ። ስለዚህ ሞተርን በየብስ ላይ «እስቲ ይነሣ እንደ ሆነ» ብሎ ማስነሣት ትልቅ ጥፋት ነው፤ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ መሞከር ይገባል። የኋለኞቹ ሞተሮች ውሃው ሲዞር ከጐን እንደ ክር እየቀጠነ ሲወርድ ያሳያሉ፤ ከጥንቶቹ ብዙዎቹ ግን ይህ ምልክት የላቸውም፥ ውሃው ከጢሱ ጋራ ተደባልቆ በሥር ይወጣል። በእነዚህ ላይ ምስክሩ እጅ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የሲሊንደሩን ራስ በጥንቃቄ ሲነኩት እጅ ሊታገሠው ይገባል። ጠብታ ውሃ ቢያርፍበት የሚንጫጫ ከሆነ ወዲያው ይጥፋ። ክንፋሙ ጎማ ከሌላው ዕቃ ሁሉ የረከሰ ነው፤ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ቢለወጥ፥ ከእርሱ ብዙ እጥፍ የሚያወጣውን ሲሊንደር ያድናል። ውሃው የሚገባበት ወንፊትም በጭቃና በአረም ይደፈናልና ሁልጊዜ ይታይ።

የአረሙ ነገር ጣናን ያስታውሳል። በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ እስከ ዛሬ ይቀዘፋል፤ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፥ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዘጌ ገዳማት መነኮሳትንና ምእመናንን የሚያመላልሱት ጀልባዎች ግን በሞተር የሚሄዱ ሆነዋል። ሐይቁ ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ወርዱም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ በመካከሉ ሞተር የጠፋበት ጀልባ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ቢነሣበት መጨነቁ አይቀርም። ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም በፕሮፔለር ላይ መጠምጠሙና የውሃ መግቢያውን መድፈኑ የሚጠበቅ ነው። በዚያ ቦታ የሚሠራ ማናቸውም ሞተር፥ አሮጌም ይሁን አዲስ፥ ያለ ደኅና ክንፋም ጎማ ባይወጣ ይሻላል።

ጣና ሌላም ትምህርት አለው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ከስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። በአሜሪካና በእንግሊዝ ለባሕር ዳርቻ ተለክቶ የመጣ ካርቡራተር በዚህ ከፍታ ላይ ለአነስተኛ አየር የበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ሞተሩም ጥቍር ጢስ እያወጣ፥ ካንዴላውን እያጠቈረ፥ ጕልበት ያጣል። ባለቤቱም አረጀ ይላል። በዚህ ነገር አሮጌው ከአዲሱ ይሻላል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተሠሩት ብዙዎቹ ጆንሰንና ኤቪንሩድ ቤንዚኑን የሚመጥኑ፥ በእጅ የሚዞሩ ሁለት መርፌ ብሎኖች አሏቸው፤ አንዱ ለዝግታ፥ አንዱ ለፍጥነት። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ግን ልካቸው በፋብሪካ ስለ ተወሰነ ዕቃ መለወጥ ያስፈልጋል። ሞተሩ ሞቆ በሙሉ ፍጥነት ሳለ የፍጥነቱን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውስጥ ማዞር፥ ሲያስነጥስና ሲቀንስ መተው፥ ከዚያም ድምፁ እስኪስተካከል ወደ ውጭ መመለስ ነው። ከዚያ በላይ ጥቂት ጨምሮ መተው ይሻላል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ዘይትም ያንሰዋልና፤ ሁለቱ በአንድ መንገድ የሚገቡ ናቸው። ካርቡራተሩ ቢስተካከልም የሳሳው አየር አይመለስም። በሳህኑ ላይ 10 የፈረስ ጕልበት ተብሎ የተጻፈው በጣና ላይ የ8 ያህል ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ጭነቱና የሰው ቍጥር በሳህኑ ጽሕፈት ሳይሆን በዚህ ልክ መወሰን አለበት።

በታችኛው እግር ውስጥ ያለው የማርሽ ዘይት በዓመት አንድ ጊዜ ቢፈተሽ ይበቃል። ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ የዘንጉ ጎማ ይለወጥ። ሲጋል ብቻ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። በውስጡ የሚጨመረው እጅግ ወፍራም ዘይት ከውሃ ጋራ እየተደባለቀ እንዲሠራ ሆኖ ስለ ታሰበ፥ የነጣ ዘይት ያየ ሰው አይደንግጥ፤ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ብቻ ነው።

ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋራ የሚያያይዘው በብዙዎቹ አንድ ለስላሳ የብረት ፒን ነው። ክንፉ ከድንጋይ ወይም ከግንድ ጋራ ሲጋጭ ይህ ፒን ተቈርጦ ማርሹን ያድናል። ተቈረጠ ማለት ሥራውን ሠራ ማለት ነው። የቸኰለ ሰው ግን በምትኩ የብረት ምስማር ይሰካበታል፤ ምስማሩ አይቈረጥምና በሚቀጥለው ግጭት የሚሰበረው ማርሹ ይሆናል። ሁለት ሦስት ትርፍ ፒን፥ አንድ ፒንሳና አንድ ካንዴላ በጨርቅ ጠቅልሎ በታንኳው ውስጥ ማኖር ይገባል። ጀልባው ሲሄድ ሞተሩ በኃይል እየጮኸ ታንኳው ፈቀቅ ካላለ፥ የተሰበረው ፒኑ ነው እንጂ ሞተሩ አይደለም።

ስለ ሰው ደኅንነት ደግሞ፥ ከጥንቶቹ ብዙዎቹ፥ ከእነርሱም መካከል አብዛኛው ሲጋል፥ ሥራ ፈትቶ የሚቆም ማርሽ የላቸውም፤ በተነሡበት ቅጽበት ታንኳው ይወነጨፋል። ስለዚህ ገመዱ ከመሳቡ በፊት ሰው ሁሉ ይቀመጥ፥ የታንኳውም አፍ ወደ ክፍት ውሃ ይዙር፥ የቤንዚኑም መስጫ በዝቅተኛው ልክ ላይ ይሁን። በቮላኖው ላይ የሚጠመጠመውን ገመድ ጫፍ በእጅ ላይ መጠቅለል እጅ ያሳጣል፤ ቮላኖው ወደ ኋላ የመለሰ እንደ ሆነ ገመዱ ይዞ ይሄዳልና። ከኋላ የቆመ ሰውም በገመዱ ይገረፋል።

ለክረምት ወይም ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የቤንዚኑን መንገድ ዘግቶ፥ በበርሜል ውሃ ውስጥ ካርቡራተሩ እስኪደርቅ ድረስ ማስኬድ ነው። ከዚያም ሞተሩን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ውሃው በሞላ እንዲወርድ ቮላኖውን በእጅ ጥቂት ጊዜ ማዞር፥ ካንዴላውን ፈትቶ አንድ ማንኪያ ዘይት በቀዳዳው ማፍሰስ፥ አንድ ሁለት ጊዜ አዙሮም ካንዴላውን መመለስ ይገባል። ለማስቀመጥ ከራሱ ይልቅ እግሩ ከፍ ብሎ እንዲተኛ አይደረግ፤ በእግሩ የቀረው ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። በእንጨት ላይ ቆሞ፥ በጨርቅ ተሸፍኖ፥ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ላስቲክ አይልበስ፤ ላብ ይይዝበታል። በአንገቱም ላይ ክንፋሙ ጎማ የተለወጠበት ቀንና የቤንዚኑ የዘይት ልክ የተጻፈበት ወረቀት ይታሰርለት፤ የሚቀጥለው ዓመት ዕቃ ጠባቂ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና።